ለነጂባ ማን ይንገራት

ሕፃኗ ያረፈችው ማለዳ ላይ፣ የሌሊት ተረኞች ወጥተው የቀን ተረኞች በሚገቡበት ሰዓት ነው። ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች፣ ከሁለት መዳፍ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ በመሣሪያ ነበር የምትተነፍሰው። በኋላ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገባና መድኃኒቱ አልረታው አለ። ዶክተር ሙራድ የሚችለውን ሁሉ ሞክሮ ሲያበቃ ቀና ብሎ ነርሷን ፌቨንን አያት። ፌቨን መሣሪያውን አጠፋች። በሕፃኗ አፍ የገባውን ቀጭን ቱቦም ቀስ ብላ አወጣችው።

አባትየው አብዱልመሊክ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይራል። ልጅቷን አንዴ በጣቱ ጫፍ ግንባሯን ነካ አደረጋትና ወደ በሩ ሄደ። መለስ አለ። እንደገና ሄደ።

ፌቨን አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ነርስ ናት። በዚህ የሪያድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርታለች፤ አማርኛ የሚችል ግን ከእሷ ሌላ የለም። ስለዚህ አብዱልመሊክና ሚስቱ ነጂባ ከመጡ ጀምሮ ሐኪሞቹ የሚሉትን የምታስረዳቸው እሷ ነበረች። አብዱልመሊክ የባቲ ልጅ ነው፤ ዑለያ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚሠራ የአንድ ኩባንያ ኃላፊ ሹፌር ነው። ነጂባ ከከሚሴ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ እሱን ስታገባ መንሱራ የሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ገቡ። ይህቺ የመጀመሪያ ልጃቸው ነበረች።

ነጂባ አሁን አንድ ፎቅ ወደ ላይ፣ ወላዶች የሚተኙበት ክፍል ናት። የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር ሆዷን ቀደው ያዋለዷት። ትኩሳቱ ስላልለቀቃት ወደ ሕፃናቱ ክፍል እንድትወርድ አልተፈቀደላትም። ልጇን ያየቻት በባሏ ስልክ በተነሳ ፎቶ ብቻ ነው።

አብዱልመሊክ ፌቨንን ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለነጂባ እንዳትነግሪያት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትድን። ግፊቷ ገና አልወረደም። ቤት ስንገባ፣ ጎረቤታችን እትዬ ኑሪያም ሌላውም ሰው ባለበት፣ በወጉ እንነግራታለን። እኛ አገር መርዶ እንዲህ በድንገት አይነገርም፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

ፌቨን ታውቃለች። አባቷ ሲሞቱ ለእሷም የተነገራት ሰው ሁሉ ካወቀ በኋላ፣ በስንት ዙሪያ ጥምጥም ነው።

«ልጄ እንዴት አደረች ብላ ብትጠይቀኝስ?»

«ተኝታለች በያት።»

«አልዋሻትም፣ አብዱ። ቀድሜህ ሄጄ ግን አልነግራትም። አንተ ንገራት፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ዛሬውኑ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እንቀብራታለን። ኸላስ፣ በቃ። ምኗን ታያለች? ካየቻት አትረሳትም።»

«እንድትረሳት ነው የምትፈልገው?»

ስልኩ ጠራ። የሚያሽከረክርለት ሰውዬ ነበር። አብዱልመሊክ በአረብኛ «አዎ ጌታዬ፣ አዎ ጌታዬ» እያለ በደረጃው ወረደ። ሰው እየተከተለው ይመስል ነበር አረማመዱ።

ፌቨን ወደ ዶክተር ሙራድ ሄዳ የአባትየውን ሐሳብ ነገረችው። ዶክተሩ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የእናትየዋን ሐኪም አነጋግሬያለሁ፤ ግፊቷ እየተሻላት ነው» አላት። «እናት ሳታውቅ ልጇ አትቀበርም። ባሏ ቢነግራት ጥሩ ነው፤ እስከ ቀትር ካልነገራት አብረን እንወጣለን።»

ፌቨን አብዱልመሊክ ጋ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ሌሎቹን ሕፃናት አየች፣ አንዱን አገላበጠች፣ ለሌላው መድኃኒት ሰጠች፤ እንደገና ደወለች። አያነሳም። ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያሳየው መስኮት ቁልቁል ተመለከተች። መኪናው ከቦታው የለም። ከፈን ሊገዛ ይሆናል፣ ሰውዬውን ሊያደርስም ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆም አቃታት። እጇን ታጠበች፤ ስልኳን አየች፤ ደግማ ታጠበች።

በዚህ መሀል ከላይ ተደወለ። የወላዶች ክፍል ነርስ ናት። «ያገርሽ ልጅ አልጋዋ ላይ አልተኛ ብላለች። ልጄ ጋ ልውረድ ትላለች። ነይና አነጋግሪያት።»

ፌቨን ወጣች። በደረጃው ላይ የምትለውን አሰበች፤ ስትደርስ ግን አንዱም ትዝ አላላትም።

ነጂባ የጉሉኮሱን ብረት በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ አብጧል፤ ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ፌቨንን ስታይ ፈገግ አለች።

«መጣሽልኝ? ሲነጋ ጀምሮ ስጠብቅሽ። በሕልሜ ስታለቅስ ሰማኋትና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይኸው፣ ዛሬ በዛ ብሏል።»

ትንሿን ጠርሙስ ዘረጋችላት። ነጂባ ከወለደች ጀምሮ ወተቷን በእጇ እያለበች በዚህ ጠርሙስ ታጠራቅማለች፤ ፌቨን በየጠዋቱ ወስዳ ለሕፃኗ በቱቦ ትሰጣታለች። መጀመሪያ ላይ የጠርሙሱን ታች እንኳ አልሸፈነም ነበር። ዛሬ እስከ ግማሽ ደርሷል።

ፌቨን እጇ አልዘረጋ አላት።

«ያዢው እንጂ፤ ሳይቀዘቅዝ» አለች ነጂባ።

ፌቨን ጠርሙሱን ብቻ ታያለች።

«ለምን አትቀበይኝም?»

«ነጂባ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ቆሜ ነው የምሰማሽ።»

ፌቨን ተጠጋቻትና ክንዷን ያዘቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትሰብር ነገረቻት። «አርፋለች፣ እህቴ። ዛሬ ጠዋት አረፈች።»

ነጂባ አልጮኸችም። የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አደረገች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ከጫፉ ራቅ አድርጋም አስጠጋችው። ከዚያ ብረቱን እየጎተተች ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው መመላለስ ጀመረች። ፌቨን ክንዷን ሳትለቅ አብራት ትሄዳለች።

«ብቻዋን ነበረች?»

«አልነበረችም። አባቷ ነበረ። እኔም ነበርኩ፤ እጄ ከጀርባዋ ሥር ነበር።»

«አመማት?»

«እንዳያማት መድኃኒት ሰጥተናት ነበር። ዝም ብላ ነው የሄደችው።»

«አብዱ ያውቃል?»

«ያውቃል። ሊነግርሽ ፈርቶ ነው። ስትድኚ ሊነግርሽ ነበር።»

ነጂባ ቆመች። «የት ልትወስዱብኝ ነበር?» አለች። መልስ አልጠበቀችም። «ውሰጂኝ። አሁኑኑ። ያላ፣ ውሰጂኝ።»

ሐኪሟ ግፊቷንና ትኩሳቷን ለክቶ ፈቀደ። ፌቨን ባለጎማ ወንበር አመጣች። ነጂባ ተቀመጠች፤ ሊፍቱ ውስጥ ግን ልትነሳ ትታገላለች፤ ፌቨን ትከሻዋን ይዛ ወረዱ።

ከሕፃናቱ ክፍል ጎን እናቶች የሚያጠቡበት ትንሽ ክፍል አለ። ፌቨን መጋረጃውን ዘጋችና ነጂባን እዚያ አስቀመጠቻት። ሕፃኗን አንስታ፣ ጉንጯ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በሞቀ ውሃ እያራሰች አላቀቀች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለቻት። ከመስጠቷ በፊት ነገረቻት። «ትቀዘቅዛለች። ከንፈሯም ጠቆር ብሏል። እንዳትደነግጪ። እጇን መንካት ትችያለሽ፤ መሳምም ትችያለሽ። የሚያጣድፍሽ የለም።»

ነጂባ ተቀበለቻት። ለረጅም ጊዜ ፊቷን ብቻ አየች። ቀጥላ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ እግሮቿን፣ ጣቶቿን፣ ጀርባዋን አየች፤ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው አገላብጣ መረመረቻት። «ጆሮዋ የእናቴ ነው» አለች። «ይኸውልሽ፣ ጫፉ ታጠፍ ያለው። የእናቴ ነው።» ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ፌቨን ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አየችላትና «እውነትሽን ነው፣ ታጠፍ ብሏል» አለቻት። 

አብዱልመሊክ ሲመጣ እንደዚያው ሆነው አገኛቸው። በእጁ የከፈኑን ጨርቅ በፌስታል ይዟል። ፌቨንን ገላመጣት።

«አላልኩሽም? እንዲህ ነው ወይ የተነጋገርነው?»

«ወተት ሰጠችኝ፣ አብዱ። ተቀብዬ ምን ላደርገው ነበር?»

«እሷን ተዋት» አለች ነጂባ። «አንተ ና። ና ቁጭ በል።»

አብዱልመሊክ አልገባም። አንድ እግሩ ከውስጥ፣ አንድ እግሩ ከውጭ ሆኖ ቀረ። «የዐስር ሶላት እየደረሰ ነው። መታጠብ አለባት፤ መስጊድ ይጠብቁኛል» አለ።

«እኔ አጥባታለሁ።»

«አንቺ ቁስለኛ ነሽ!»

«አጥባታለሁ አልኩህ። አንድ ቀን እንኳ አላጠብኳትም።»

የሆስፒታሉ አስከሬን ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው። ሴቶችንና ሕፃናትን የሚያጥቡት ኡሙ ጀብሪል የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ የአገሩ ሰው ናቸው። ፌቨን ነገሩን ስታስረዳቸው ነጂባን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷትና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «እናት ናት፤ ማን ይከለክላታል» አሉ።

ፌቨን በሩ ላይ ቆመች። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እናቴ። ደጅ ልቆይ?»

«ወንበሯን ማን ሊይዝላት ነው? ግቢ።»

ኡሙ ጀብሪል ውሃውን ለብ አደረጉ። እሳቸው ያፈሳሉ፤ ነጂባ ታጥባለች።  ከብብቷ ሥር፣ ከአንገቷ ሥር፣ በጣቶቿ መካከል አጠበቻት። ኡሙ ጀብሪል «ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ፌቨን ደነገጠች። ሕፃኗ እጅ ላይ የታሰረው ወረቀት «የነጂባ ሴት ልጅ» ከማለት ሌላ ስም አልነበረውም። በሰባተኛው ቀን ሊያወጡላት ነበር።

ነጂባ ቀና ሳትል «ረውዳ» አለች። አስባበት የኖረች ትመስላለች።

አሮጊቷ ስሙን እየጠሩ ዱዓ አደረጉ። ከፈኗት። አብዱልመሊክ በሩ ላይ እየጠበቀ ነበር፤ በሁለት እጁ ተቀብሏት ከሁለት ወንድማማች ጎረቤቶቹ ጋር ሄደ። ነጂባ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ፌቨንን «ጡቴ አመመኝ» አለቻት።

ይህ ነገር ብዙ ቀን አሠቃያት። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ከገባች በኋላም ወተቱ መምጣቱን አላቆመም። ልጅ የሌለበት ቤት ውስጥ ቀሚሷ ይረጥባል። ፌቨን በስልክ፣ እንዲቀልላት ያህል ብቻ እንድታልበው፣ ጨርሳ እንዳታልበው፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ እንድታደርግበት፣ ትኩሳት ከጀመራት ቶሎ እንድትመለስ ነገረቻት። ነጂባ እየሰማች ትራመዳለች፤ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

ዓርብ ፌቨን ሥራ አልነበራትም። መንሱራ ሄደች። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። አዛውንቷ ጎረቤት እትዬ ኑሪያ ሾርባ ይዘው ነጂባን ይከተላሉ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ። ትንሽ ናት፤ ጀነት ናት። አላህ ምትኳን ይሰጥሻል» ይላሉ።

«አሚን» ትላለች ነጂባ፤ ከወጥ ቤት ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ በሩ ትሄዳለች።

«ቁጭ በይ፤ ቁስልሽ ይከፈታል።»

«እሺ» ትላለች። አትቀመጥም።

ማንም የሕፃኗን ስም አልጠራም። ፌቨን እትዬ ኑሪያን ለብቻቸው ወጥ ቤት አገኘቻቸው። «እትዬ፣ ስሟ ረውዳ ነው። ስሟን ቢጠሩላት ደስ ይላታል፤ ጆሮዋም የአያቷ ነበር ትላለች» አለቻቸው። እትዬ ኑሪያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኛ እንዳናስታውሳት ብለን ነው እኮ» አሉ። ፌቨን «አልረሳቻትም፣ እትዬ» አለች። አሮጊቷ ሳሎን ተመልሰው «ረውዳ የእናትሽ ጆሮ ነበራት አሉ» ሲሏት ነጂባ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጆሮውን በጣቷ እያሳየች ነገረቻቸው። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ተነሳች።

ነጂባ ስትሸኛት በር ላይ ፌቨንን ያዘቻት። «አብዱ ቤት አይገባም። ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ሲመጣም መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። በመስኮት አየዋለሁ። እኔን ማየት ጠልቷል።»

ፌቨን ከሕንፃው ስትወጣ አብዱልመሊክን መኪናው ውስጥ አገኘችው። ሞተሩ ይሠራል፤ እጁ መሪው ላይ ነው። መስታወቱን አንኳኳች።

«ወንድሜ፣ ለምን አትገባም?»

«ሴቶች ሞልተዋል።»

«እነሱ ሲሄዱስ?»

መሪውን በአውራ ጣቱ ይጠበጥባል። «ስታየኝ ያቺን ቀን ነው የምታየው። ልወስድባት እንደነበር። ምን ብዬ ልግባ?»

«ጠዋት ጠዋት የት ነው የምትሄደው?»

ዓይኑን ከመሪው ሳያነሳ «ረውዳ ጋ» አለ። «ሥራ ከመግባቴ በፊት። እዚህ አገር ሴት መቃብር ውስጥ አትገባም፤ ብነግራት ምን ይጠቅማታል ብዬ ነው።»

«ዝም ስትላት ምን እንደምታስብ ታውቃለህ? ጠልቶኛል ብላለች።»

አብዱልመሊክ ሞተሩን አጠፋ። ግን አልወረደም። ፌቨን ጠበቀች። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፤ የመስጊዱ ሰዎች ከሶላት ተመልሰው በቡድን በቡድን ያልፋሉ። በመጨረሻ በሩን ከፈተ።

ላይ ቤት የተባባሉትን ፌቨን አልሰማችም። በማግስቱ ነጂባ ደወለችላት። ተጣልተው ነበር። «እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ስዞር አንተ በየቀኑ ታያታለህ?» ብላው እሱም ጮሆባት፣ እትዬ ኑሪያ ገብተው ገላግለዋቸዋል። «ሊወስደኝ ነው። በሩ ድረስ» አለቻት። «አንቺም ነይ። ብቻችንን ከሆንን መኪና ውስጥ እንጣላለን።»

ፌቨን ተረኛ ካልሆነችባቸው ጠዋቶች በአንዱ ሦስቱም ሄዱ። ነጂባ ከፊት፣ ፌቨን ከኋላ።  መንገድ ላይ ነጂባ የመቀመጫውን ቀበቶ ትፈታለች፣ ታስራለች። መቃብሩ በረጅም ግንብ የታጠረ ነው። አብዱልመሊክ በሩ አጠገብ አቆመና ወረደ፤ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሊሄድ ሲል ነጂባ መስታወቱን አወረደች።

«ስልክህን ክፈተው። እያናገርከኝ ሂድ።»

ደወለላት። እሷም ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ገባሁ» አለ ድምፁ። «ወደ ግራ እየሄድኩ ነው።»

«ምን ይታይሃል?»

«መሬት ነው። አፈር። ድንጋይ ድንጋይ አለ፤ ስም የለም። ትልልቆቹን አለፍኳቸው። ትንንሾቹ ጋ ደረስኩ።»

«ብዙ ናቸው?»

«ብዙ ናቸው።»

ነጂባ የመኪናውን በር ከፍታ ወረደች። ስልኩን ይዛ በግንቡ ሥር ወደ ግራ ሄደች። ፌቨን ወርዳ ተከተለቻት። «ድምፅህን አሰማኝ፤ ወዴት ነህ?» ትለዋለች። እሱ ከውስጥ ሳል አደረገ፤ በግንቡ በኩል ግን ምንም አልሰማችም። ጥቂት ሄዳ ቆመች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች።

«ደረስኩ» አለ። «እሷ ጋ ነኝ።»

«ውሃ አርከፍክፍላት።»

የውሃው ድምፅ በስልኩ ተሰማ።

«አናግራት።»

«ምን ልበላት?»

«እናትሽ ግንቡ ጋ ናት በላት።»

«ረውዳ» አለ አብዱልመሊክ። «እናትሽ...» ከዚያ በላይ አልሄደለትም። ልጅቷ ከሞተች ጀምሮ ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም። አሁን ድምፁ ተሰብሮ ሲወጣ ነጂባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። «አብሽር» አለችው። «አብሽር አብዱ። አለሁ። ስልኩን አትዝጋው።»

ፌቨን ራቅ ብላ መኪናው አጠገብ ቆመች። አብዱልመሊክ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጫማው አፈር ነው። ነጂባ ሄዳ ተቀበለችው። መንገዱ ዳር እጇ እጅጌውን ይዞ ትንሽ ቆሙ፤ ተጣልተው እንደነበር የሚያስታውስ ነገር አልተባባሉም።

«የት ጋ እንደሆነች በደንብ አሳየኝ» አለችው መኪናው ውስጥ። እሱ የመቃብሩን አቀማመጥ ዳሽቦርዱ አቧራ ላይ በጣቱ ሣለላት። «እዚህ በሩ፣ እዚህ እኔ የምዞርበት፣ እዚህ እሷ።» ነጂባ «ከግንቡ አትርቅም» አለች። «ብዙ አትርቅም» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይሄዱ ጀመር፤ ፌቨንን አልጠሯትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ወተቱ ቀስ በቀስ ቀረ። ነጂባ በስልክ እንደምትነግራት አሁንም እንቅልፍ የላትም። አንዳንድ ቀን ወጥ ጥዳ ረስታው ትወጣለች፤ የሌላ ሰው ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች ከሱቅ ዕቃዋን ጥላ ትመለሳለች። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ሁለቱም አብረው የመንሱራን መንገዶች ይዞራሉ። «ሲደክመን እንመለሳለን» ትላለች። «አንዳንዴ አይደክመንም።»

ፌቨን ግን ሥራዋ ላይ አንድ ነገር አላስቀመጣት አለ። ኃላፊዋን ሄዳ አናገረቻት፤ ከዶክተር ሙራድም ጋር ሆና ደጋግማ ጠየቀች። ታማ ፎቅ ላይ የተኛች እናት ልጇ በሕይወት ሳለች ትውረድ፣ ወንበርም አልጋም ገፍተን እናውርዳት አለች። መጀመሪያ ሰው አይበቃንም አሏት። በኋላ እሺ አሉ፤ ማን ያውርዳት ሲባል ሥራው እሷው ላይ ቀረ። አሁን በየጠዋቱ ተረኛ ስትሆን የሕፃናቱን አልጋ አይታ ወደ ላይ ትወጣለች። ባዶ ወንበር እየገፋች ሊፍት ትጠብቃለች። ሊፍቱ ሲዘገይባት ቁልፉን ደጋግማ ትጫናለች።